የኮምፒውተርን አስተርጓሚ በፈተና ያረሙት አድሚራል፦ ግሬስ ሆፐር

በሰው አገር ሠርቶ የሚኖር ሁሉ የአስተርጓሚን ጥቅም ያውቃል። በጅዳም ሆነ በመካ ዐረብኛን በቅጡ ያልለመደ ሠራተኛ ሐኪም ዘንድ ቀርቦ ሕመሙን ሲያስረዳ ወይም የሥራ ውል ሲፈርም፣ በመካከል የቆመው አስተርጓሚ አንዲት ቃል ቢያዛባ ጉዳቱ የሚደርሰው በባለጉዳዩ ላይ ነው። ባለጉዳዩ ትክክለኛውን ነገር ተናግሮ ሳለ የተሳሳተ ሆኖ ይገኛል፤ ስሕተቱ የቱ ጋ እንደ ገባም ለማወቅ ይቸገራል።

በኮምፒውተር ዓለምም እንዲህ ያለ አስተርጓሚ አለ። ወደ አገር ቤት ገንዘብ ስንልክ፣ የመኖሪያ ፈቃዳችን የሚያበቃበትን ቀን በስልክ ስንመለከት ወይም የአውሮፕላን ትኬት ስንቆርጥ ሥራውን የሚያከናውኑልን ፕሮግራሞች የተጻፉት ለሰው አእምሮ በሚቀርብ ቋንቋ ነው። ማሽኑ ግን በቁጥር ከተሰጠው ትእዛዝ በቀር የሚረዳው ነገር የለም። በሁለቱ መካከል ቆሞ የሰውን ጽሑፍ ወደ ማሽኑ ትእዛዝ የሚመልሰው ራሱም ፕሮግራም የሆነ ተርጓሚ ነው፤ ባለሙያዎች ኮምፓይለር ይሉታል። ኮምፓይለሩ ከተሳሳተ ከእርሱ በኋላ ያለው ሁሉ ይሳሳታል።

ታዲያ ኮምፓይለሩን ራሱን ማን ይፈትነዋል? ለዚህ ጥያቄ ምላሽ በመስጠት ረገድ ስማቸው ከሚጠራ ሰዎች ቀዳሚዋ አሜሪካዊቷ የሒሳብ ሊቅና የባሕር ኃይል መኮንን ግሬስ ሆፐር ናቸው። ሆፐር በአብዛኛው የሚታወቁት ኮምፓይለርን በመፍጠር ነው። ከስድሳ ዓመታቸው በኋላ የሠሩት፣ ኮምፓይለሮችን በሥርዓት የመፈተን ሥራ ግን እምብዛም አይወሳም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው የዘመን አቆጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ልጅነትና ትምህርት

ግሬስ ብሩስተር ሙሬይ ዲሴምበር 9 ቀን 1906 በኒው ዮርክ ከተማ ተወለዱ። ከሦስት ልጆች የመጀመሪያዋ ነበሩ። አባታቸው ሴቶች ልጆቻቸው ከወንድ ልጃቸው እኩል እንዲማሩና ራሳቸውን እንዲችሉ ይፈልጉ ነበር። ግሬስ ገና በሕፃንነታቸው የደወል ሰዓት እንዴት እንደሚሠራ ለማወቅ አንዱን ፈቱት፤ መልሰው መግጠም ሲያቅታቸው ሌላውን ፈቱ፤ እንዲህ እያሉ በቤት ውስጥ የነበሩትን ሰባት ሰዓቶች አዳረሱ። እናታቸው ነገሩን ባወቁ ጊዜ ልጃቸው ከዚያ በኋላ አንድ ሰዓት ብቻ እንዲፈቱ ፈቀዱላቸው።

በ16 ዓመታቸው ቫሳር ኮሌጅ ለመግባት አመልክተው በላቲን ቋንቋ ውጤታቸው ማነስ ምክንያት ሳይሳካላቸው ቀረ። በቀጣዩ ዓመት ገብተው በ1928 በሒሳብና በፊዚክስ ተመረቁ። በ1930 ከዬል ዩኒቨርሲቲ የማስተርስ፣ በ1934 ደግሞ በሒሳብ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን አገኙ። ዶክትሬታቸውን ከማግኘታቸው አስቀድሞ በ1931 ቫሳር ኮሌጅ ማስተማር ጀምረው ነበር። በ1930 ቪንሰንት ሆፐርን አገቡ፤ ትዳሩ በ1945 ቢፈርስም የሆፐር ስም እስከ ዕለተ ሞታቸው አብሯቸው ኖረ።

ከጥቁር ሰሌዳ ወደ ማሽን

አሜሪካ ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት ስትቀላቀል ሆፐር ባሕር ኃይል ለመግባት ፈለጉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል፣ ክብደታቸውም ከተወሰነው በታች ነው ተባሉ። ልዩ ፈቃድ አግኝተው በዲሴምበር 1943 በሴቶች የተጠባባቂ ክፍል ተመዘገቡ፤ በ1944ም ከሥልጠናው በአንደኛነት ተመረቁ። የተመደቡት በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ በሃዋርድ አይከን ይመራ ወደነበረው የስሌት ክፍል ነበር። በዚያ የጠበቃቸው ማርክ 1 የተባለው ማሽን ርዝመቱ 15 ሜትር ያህል፣ ክብደቱም 5 ቶን ገደማ ነበር። ሆፐር ከማሽኑ የመጀመሪያ ፕሮግራም ጸሐፊዎች አንዷ ሆኑ፤ በ1946 የታተመውን 561 ገጽ ያለው የአጠቃቀም መመሪያም አዘጋጁ።

ስማቸው በሕዝብ ዘንድ ከሚያያዝባቸው ታሪኮች አንዱ የተፈጸመው በተከታዩ ማሽን በማርክ 2 ላይ ነው። ሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 ማሽኑ ሥራ አቋረጠ። ሠራተኞች ውስጡን ሲፈትሹ በአንዱ የኤሌክትሪክ ማብሪያ ማጥፊያ ውስጥ የሞተች የእሳት እራት አገኙ። አውጥተው በዕለት መዝገቡ ላይ በፕላስተር ለጠፏትና ከጎኗ የሆነውን ጻፉ። በእንግሊዝኛ የማሽንን ብልሽት በነፍሳት ስም መጥራት ከዚያ በፊትም የነበረ ልማድ ነው፤ የእሳት እራቷን ያገኟትም ሆፐር ራሳቸው አልነበሩም። ታሪኩን ደጋግመው በመተረክ ያስታወቁት ግን እርሳቸው ናቸው። መዝገቡ ዛሬ በዋሽንግተን በስሚዝሶኒያን ተቋም ሥር በሚገኘው የአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። በዚያ ገጽ ላይ የሚታየው ልማድ፣ ማለትም ብልሽቱን መለየት፣ ቦታውንና ሰዓቱን መጻፍ፣ ማስረጃውንም ማስቀመጥ፣ በሆፐር ሥራ ውስጥ እስከ መጨረሻው ዘልቋል።

የሰው ቃል ለማሽን

ሆፐር በ1949 በፊላደልፊያ ወደሚገኘው የኤከርትና ሞክሊ የኮምፒውተር ኩባንያ ተዛወሩ። ኩባንያው ዩኒቫክ 1 የተባለውን ኮምፒውተር ይሠራ ነበር። በዚያን ጊዜ ፕሮግራም ጸሐፊዎች ቀደም ሲል የተሠራን ስሌት እንደገና ለመጠቀም ሲፈልጉ ትእዛዞቹን ከማስታወሻ ደብተር በእጅ ይገለብጡ ነበር። ሰው ሲገለብጥ ይሳሳታል፤ አንድ ቁጥር ከተዛባ ደግሞ ማሽኑ የተሳሳተ ውጤት ይሰጣል። ሆፐር ይህን የግልበጣ ሥራ ለማሽኑ ለራሱ ለመስጠት አሰቡ። በ1952 ያቀረቡት ኤ-0 የተባለ ፕሮግራም የተዘጋጁ ስሌቶችን በመለያ ቁጥራቸው ከመግነጢሳዊ ቴፕ ላይ እየፈለገ የሚያቀናጅ ነበር። ኮምፓይለር የሚለው ስያሜ ሥራ ላይ የዋለው በዚህ ፕሮግራም ነው፤ ዛሬ በስሙ የምናውቀው ሙሉ ተርጓሚ ግን ከጊዜ በኋላ እየዳበረ የመጣ ነው።

ቀጥለውም የንግድ ሥራ ባለሙያዎች በሒሳብ ምልክት ፈንታ በተራ ቃላት ማሽኑን ማዘዝ እንዲችሉ የሚያደርገውን ፍሎው-ማቲክን ከባልደረቦቻቸው ጋር ሠሩ። ሆፐር ኋላ እንደ ተረኩት፣ ሐሳባቸውን ለኩባንያው ኃላፊዎች ሲያስረዱ አንዱን ፕሮግራም በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይወሰኑ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ቃላትም ጽፈው አሳዩ። ለማሽኑ ሦስቱም አንድ ናቸው፤ ቃሉ ከየትኛው ቋንቋ ቢመጣ የሚተረጎመው ወደ አንድ ዓይነት ትእዛዝ ነው። ኃላፊዎቹ ግን በአሜሪካ የተሠራ ማሽን የባዕድ ቋንቋ ይረዳል መባሉን አልወደዱትም። ሆፐር በእንግሊዝኛ ብቻ እንደሚወሰኑ ደጋግመው ቃል ለመግባት ተገደዱ።

በሜይ 1959 በአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር ጥሪ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የኮምፒውተር አምራቾች ተወካዮች ተሰብስበው በሁሉም ማሽን ላይ የሚሠራ አንድ የንግድ ሥራ ቋንቋ እንዲዘጋጅ ወሰኑ። የተገኘው ቋንቋ ኮቦል ተባለ። ኮቦልን የነደፈው ኮሚቴ ነው፤ ሆፐር የቴክኒክ አማካሪ ነበሩ፣ ፍሎው-ማቲክም የቋንቋው ዋና መነሻ ሆነ። በዲሴምበር 1960 አንድ የኮቦል ፕሮግራም እምብዛም ሳይለወጥ በሁለት የተለያዩ አምራቾች ማሽኖች፣ በዩኒቫክ 2 እና በአርሲኤ 501 ላይ ሠርቶ ታየ። ፕሮግራም ከማሽን ወደ ማሽን ሊሻገር እንደሚችል በተግባር ተረጋገጠ።

አንድ ስም፣ ብዙ ቋንቋ

ተስፋው ግን ቶሎ ተፈተነ። ኮቦል ገበያ ላይ ከዋለ በኋላ እያንዳንዱ አምራች የራሱን ኮምፓይለር ሠራ። አንዱ ከተወሰነው ላይ ጨመረ፣ ሌላው ከተወሰነው ቀነሰ፣ ሦስተኛው አንዱን ደንብ በራሱ መንገድ ተረዳው። ስማቸው ሁሉ ኮቦል ነው፤ በአንዱ ማሽን የተጻፈው ፕሮግራም ግን በሌላው ላይ አይሠራም፣ ወይም ይሠራና ሌላ ውጤት ይሰጣል። ይህ ሁለተኛው የከፋ ነው። ፈጽሞ ያልሠራ ፕሮግራም ወዲያው ይታወቃል፤ በዝምታ የተሳሳተ ሒሳብ የሚያወጣ ፕሮግራም ግን የሠራተኛ ደመወዝ ወይም የመጋዘን ቆጠራ እያዛባ ለብዙ ጊዜ ሊቆይ ይችላል።

የአሜሪካ ባሕር ኃይል ከተለያዩ አምራቾች የተገዙ ኮምፒውተሮች ስለነበሩት ችግሩ በጎላ ሁኔታ ያገኘው ነበር። ሆፐር በ1966 መጨረሻ በስድሳ ዓመታቸው በኮማንደርነት ማዕረግ ከተጠባባቂ ጦር ጡረታ ወጥተው ነበር። በኦገስት 1967 ባሕር ኃይሉ ለስድስት ወራት ብሎ መልሶ ጠራቸው። ስድስቱ ወራት ወደ ዓመታት ተለወጡ። እስከ 1977 ድረስ የባሕር ኃይሉን የፕሮግራም ቋንቋዎች ክፍል በኃላፊነት መሩ፤ የተሰጣቸውም ሥራ በመላው ባሕር ኃይል ኮቦል አንድ ወጥ እንዲሆን ማድረግ ነበር። በ1968 ኮቦል በአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ወጣለት። የጽሑፍ ደረጃ መኖሩ ግን በራሱ በቂ አልነበረም። አምራቹ ኮምፓይለሬ ደረጃውን ያሟላል ቢል ገዢው በምን ያረጋግጣል?

ሆፐርና ባልደረቦቻቸው የሰጡት መልስ ፈተና ማዘጋጀት ነበር። ፈተናዎቹ ራሳቸው በኮቦል የተጻፉ ፕሮግራሞች ናቸው። አሠራሩን በቀላል ምሳሌ ማየት ይቻላል። ፈተናው ኮምፓይለሩን 25 እና 17ን ደምር ይለዋል። መልሱ 42 መሆኑ አስቀድሞ ይታወቃል፤ ፕሮግራሙ ያገኘውን ከሚታወቀው ጋር አስተያይቶ አለፈ ወይም ወደቀ ብሎ ያትማል። እንዲህ ያለው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ደንብ ይዘጋጃል፤ ትልቁ ቁጥር ከተመደበለት ቦታ ቢያልፍ ምን ይሆናል፣ የአሉታ ምልክቱ ይጠበቃል ወይ፣ ፋይሉ ባዶ ቢሆንስ እየተባለ ይቀጥላል።

የፈተናዎች አደረጃጀት

ፈተና ሲበዛ ሌላ ችግር ይመጣል። ብዙ ጥያቄ ያለ ሥርዓት ከተከማቸ አንዱ ሲወድቅ የተጣሰው ደንብ የቱ እንደሆነ አይታወቅም፤ የትኛው ደንብ ጭራሽ እንዳልተፈተነም አይታይም። የኮቦል ደረጃ ቋንቋውን በክፍል በክፍል ለይቶት ነበር፦ መሠረታዊው ክፍል፣ የሠንጠረዥ አያያዝ፣ የፋይል ንባብና ጽሕፈት፣ መረጃን በቅደም ተከተል መደርደር፣ የመሳሰለው። የፈተናው ስብስብም ይህንኑ ክፍፍል ተከትሎ ይደራጃል። እንዲህ ሲሆን የወደቀው ፈተና ቀጥታ ወደ ደረጃው ምዕራፍ ይመራል፤ አምራቹም ሆነ ገዢው አንድ ገጽ ገልጠው ይነጋገራሉ።

ስብስቡን መንከባከብም የማያቋርጥ ሥራ ነው። ደረጃው በተሻሻለ ቁጥር ፈተናዎቹ ይሻሻላሉ። ፈተናው ራሱ ስሕተት ሊኖረው ስለሚችል፣ አምራቹ ጥፋቱ የእናንተ ነው ብሎ ሲከራከር የደረጃውን ቃል መልሶ መመርመር ያስፈልጋል። ፈተናው ትክክል ሆኖ ሳለ ኮምፓይለሩ ስለ ወደቀ ብቻ ከስብስቡ ማውጣት ግን ሚዛኑ ጎደለ ብሎ የመዘኛውን ድንጋይ እንደ መሸራረፍ ይቆጠራል።

የባሕር ኃይሉ ፈተናዎች ውጤት በገበያው ላይ ታየ። የየአምራቹ ቋንቋዎች እየተቀራረቡ መጡ። በአየር ኃይሉ በኩል ይዘጋጅ የነበረው ተመሳሳይ ሥራም ተዋሕዶ የመከላከያ ሚኒስቴሩ ሆነ፤ በ1980ዎቹ ደግሞ ፈተናውን የማስተዳደሩ ኃላፊነት ዛሬ ብሔራዊ የደረጃዎችና ቴክኖሎጂ ተቋም ለሚባለው መሥሪያ ቤት ተላለፈ። ተቋሙ ለ1985ቱ የኮቦል ደረጃ ያዘጋጀው ስብስብ እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው፤ ጂኤንዩ ኮቦል የተባለው ነጻ ኮምፓይለር የሚለካው ከ9 ሺህ በላይ ጥያቄዎችን በያዘው በዚሁ ስብስብ ነው።

በዚህ ስብስብ ውስጥ ልዩ ትኩረት የሚገባቸው ፈተናዎች አሉ። አብዛኞቹ ፈተናዎች ትክክለኛ ፕሮግራም ሰጥተው ትክክለኛ ውጤት ይጠብቃሉ። ጥቂቶቹ ግን ጊዜ ያለፈበትን ወይም ከተፈቀደው ደረጃ ውጭ የሆነን አጻጻፍ ሆን ብለው ያስገባሉ፤ የሚጠብቁትም ኮምፓይለሩ አይቶ እንዲያስጠነቅቅ ነው። ዝም ብሎ ካለፈ ወደቀ። የዛሬዎቹ ኮምፓይለሮች፣ ለምሳሌ ጂሲሲና ክላንግ፣ ይህን ሐሳብ እጅግ አስፍተውታል። ሆን ተብሎ የተበላሸ አነስተኛ ፕሮግራም ይጻፋል፤ ስሕተቱ ባለበት መስመር ላይ ኮምፓይለሩ ሊሰጠው የሚገባው መልእክት በማስታወሻ መልክ ይቀመጣል። ኮምፓይለሩ ስሕተቱን ካላየ፣ በሌላ መስመር ላይ ካመለከተ ወይም ሌላ መልእክት ካወጣ ፈተናው ይወድቃል። አንድ ጉድለት በተጠገነ ቁጥርም ጉድለቱ ተመልሶ እንዳይመጣ የሚጠብቅ አዲስ ፈተና ይጨመራል።

እዚህ ላይ የሥራው ሰብዓዊ ፋይዳ ይታያል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እንደሚባለው፣ ጉድለቱን በስሙ የማይጠራ ማሽን ሰውን ይጎዳል። ስሕተት አለ ብሎ ብቻ ዝም ያለ መልእክት ሰዓታት ያስባክናል፤ በዚህ መስመር ይህ ምልክት ጎድሏል የሚል መልእክት ግን ጀማሪውን እንደ መምህር ያርመዋል። በጅዳ በንጉሥ አብዱልአዚዝ ዩኒቨርሲቲ ወይም በመካ በኡም አልቁራ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት የሚጀምር ተማሪ፣ እንደ አዲስ አበባው ባልንጀራው ሁሉ፣ በመጀመሪያ የሚገጥመው እንዲህ ያለው መልእክት ነው። የጅዳው ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ሆፐር ወደ ባሕር ኃይል በተጠሩበት በ1967 መሆኑም ይታወሳል፤ በዚያ ዘመን ማሽኖች ገና በየአምራቻቸው ቋንቋ ይነጋገሩ ነበር። የኢትዮጵያ ፊደልም ቢሆን በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደላት መለያ ውስጥ ከገባ ወዲህ በፕሮግራሞች ውስጥ እንደ ሌሎቹ ፊደላት መጻፍ ችሏል። ሆፐር በፊላደልፊያ በፈረንሳይኛና በጀርመንኛ ያሳዩት ነገር ለአማርኛና ለዐረብኛም ይሠራል።

የመጨረሻ ዓመታት

ሆፐር በ1973 ካፒቴን፣ በ1983 ኮሞዶር ሆኑ፤ ማዕረጉ በ1985 ሪር አድሚራል ተብሎ ተሰየመ። በእነዚህ ዓመታት በየአዳራሹ እየዞሩ ያስተምሩ ነበር። ለአድማጮቻቸው 30 ሴንቲሜትር ያህል የሆነ የሽቦ ቁራጭ ያድላሉ፤ ኤሌክትሪክ በአንድ ቢሊዮንኛ ሰከንድ ውስጥ ሊጓዝ የሚችለውን ከፍተኛ ርቀት በዓይን ለማሳየት ነው። በቢሯቸው የሰቀሉት ሰዓት ወደ ኋላ የሚዞር ነበር፤ ሥራ እንደ ተለመደው ብቻ መሠራት እንደሌለበት ለማሳሰብ ያደረጉት ነው።

ኦገስት 14 ቀን 1986 በ79 ዓመታቸው ከባሕር ኃይል ተሰናበቱ። በወቅቱ በባሕር ኃይሉ በሥራ ላይ ከነበሩት መኮንኖች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት እርሳቸው ነበሩ። ሥነ ሥርዓቱ የተፈጸመው በቦስተን ወደብ፣ ከ1797 ጀምሮ በኖረችው ኮንስቲትዩሽን በተባለች መርከብ ላይ ነው። ከዚያም ለዲጂታል ኢኩዊፕመንት ኩባንያ አማካሪ ሆነው እስከ ሕይወታቸው ፍጻሜ ሠሩ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1992 በቨርጂኒያ ግዛት በአርሊንግተን በ85 ዓመታቸው አረፉ፤ በአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብርም በወታደራዊ ክብር ተቀበሩ። ባሕር ኃይሉ አንዲት የጦር መርከቡን በስማቸው ሰየመ። በ2016ም ፕሬዚዳንት ባራክ ኦባማ የአገሪቱን ከፍተኛ የሲቪል ሽልማት፣ የነጻነት ሜዳሊያን፣ ከሞታቸው በኋላ ሰጧቸው።

ኮምፓይለር መፍጠራቸው በየመማሪያ መጽሐፉ ተጽፏል። ያዘጋጇቸው ፈተናዎች ግን እንደ ገበያ ተቆጣጣሪ ናቸው፤ ሚዛኑ ትክክል በሆነበት ቀን ማንም አያነሣቸውም። ደመወዙን በስልኩ ልኮ ቤተሰቡ ሳንቲም ሳይጎድል መቀበሉን የሰማ ሠራተኛ በመካከል የቆመውን የማይታይ አስተርጓሚ ላያስታውሰው ይችላል። ያ አስተርጓሚ ሥራ ላይ ከመዋሉ በፊት በብዙ ሺህ ጥያቄ ተመርምሯል፤ ይህ ልማድ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት ሰዎች አንዷም ጡረታ ከወጡ በኋላ ለስድስት ወራት ተጠርተው ወደ ሃያ ዓመት ገደማ ያገለገሉት ግሬስ ሆፐር ናቸው።